የማይነካው መስመር

ሄልተርማ ወደብ ላይ፣ ከትኬት ቤቱ ሥር፣
ጨው በበላው ግድግዳ፣ ይጮኻል አንድ ሰርቨር።
ማራገቢያው አስም እንደያዘው ያፏጫል፣
አረንጓዴ ዓይኑ በጨለማ ይጠቅሳል።

ጥር ነው። ባልቲክ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤
አዲሱ ፕሮግራም ግን ሰኞ ይነሣ ተብሏል።
መርከብ መቼ ይገባል፣ መቼ ነው የሚወጣው፣
ደሴተኛው ሁሉ ይህን ሣጥን ነው የሚጠይቀው።

አንተ ነህ የተከልከው፣ ኤንዴል፣ ይህን ጉድ፣
ሃያ ዓመት ብቻህን፣ ያለ አንዲት ገጽ ሰነድ።
ጠጋኝ ነበርክ እንጂ ጸሐፊ አልነበርክም፤
ያንተን ስፌት ሳልፈታ አዲሱን አልሰፋም።

ማታ ሁለት ሰዓት ጥቅሉን አወረድኩት፣
አቃፊ ሠራሁለት፣ ፈትቼ ዘረጋሁት።
"ፈቃድ የለሽም" አለኝ። ባለቤት ቀየርኩ።
"በሩ ተይዟል" አለኝ። ሌላ በር ቆጠርኩ፦
ስምንት ሺህ ሰማንያ። ስምንት ሺህ ሰማንያ አንድ።
ሁሉም በር፣ ሁሉም ዝግ፣ እንደ ክረምት መንገድ።

የቅንብሩ ፋይል ላይ አንዲት ባዶ ቦታ፣
ከሁለት ነጥብ በኋላ በእጄ ተረስታ፣
አንድ ሰዓት ተኩል አሠቃየችኝ በዝምታ።
(ለካስ ባዶም ሲጎድል ይታወቃል።)

ከዚያ ዳታቤዙ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።
አንተን "ይለፍ" ያለ በር፣ እኔን ከደጅ አስቀረኝ።

በድሮው ፋይልህ ውስጥ አገኘሁ አንድ መስመር፣
ለሰው እንጂ ለማሽን የተጻፈ አልነበር፦
"ይህን መስመር አትንኩ። ምክንያቱን ሳልሜ ታውቃለች።"
ይኸው ነው። ሰነድህ በሙሉ፣ ሚስትህ ነች።

ደወልኩላት። ስድስት ሰዓት አልፏል።
"አልተኛሁም፣ ትሪኑ" አለች፣ "በረዶው ይጮኻል።"
ስለ ቁልፍ፣ ስለ ቃል፣ አንድ ነገር ተንተባተብኩ፤ ዝም አለች፤
ከምድጃዋ እንጨት ሲንጣጣ ሰማሁ። ከዚያ፣
"ካያካስ" አለችኝ፣ ፊደል በፊደል ለይታ።
(የባሕር ወፍ ማለት ነው፤ ነጭ፣ ጩኸታም፣ ሌባ።)
"የእኛ ጀልባ ስም ነው፣ የመጀመሪያዋ ጀልባ።
ከሱ ቀጥሎ ሰባ ስምንት፣ የሰጠመችበት ዓመት።
የኤንዴል ወንድም ነበረባት።"

ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኩም።
ጻፍኩት። ተከፈተ። መብራቱ እንኳ ብልጭ አላለም።

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሰዓት በጠየቀ ቁጥር፣
ትኬት ሲቆረጥ፣ የመኪና ወረፋ ሲደረደር፣
የሰጠመችው ጀልባ ነበረች የምትጠራው፤
ሌላውን ሁሉ በሰላም ወደብ የምታስገባው።

አዲሱ ፕሮግራም ግን ቃልህን ናቀ፦
"አጭር ነው፤ ደካማ ነው፤ ይቀየር" አለና ጠበቀ።
እውነቱን ነው። ሌባ ቢመጣ በአንድ ትንፋሽ ይሰብረዋል።
እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆየ፤ መቃብር የምቆፍር መስሎኛል።
ቀየርኩት። ሠላሳ ፊደል፣ ትርጉም የለሽ፣
ማንም የማያለቅስበት ቃል።

ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ስሟ ከእንግዲህ ምስጢር አይደለም፤
ቁልፍነቱ የቀረ ስም መደበቅ የለበትም።
ከመስመርህ በላይ፣ ማሽን በማያነበው ቦታ፣
ጻፍኩት ስሟን፣ ዓመቷን፣ በግልጽ፣ በአንድ ተርታ።
ወንድምህን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፤
"አንድ ሰው ነበረባት" ብዬ አለፍኩ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ገጹ ተነሣ።
ሎጉ ላይ አንድ መስመር ወረደ፤ ከደሴቱ፣ አንድ ሰው፣
ገጹን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ደግሞ ከፈተው።
ማን እንደሆነ ሎጉ አይናገርም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው።
የመጀመሪያው መርከብ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣
በረዶው ከፈቀደ።

ማራገቢያው አሁንም ያፏጫል።
ሰኞ አዲስ ማዘዝ አለብኝ።